የተቆለፈው የመግቢያ ስም

«መግባት አይፈቀድም» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ ሲል ሹሩቅ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ለክረምት ልምምድ ወደዚህ የእስክንድርያ ሆስፒታል ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው። ሁሉም «አሞ»፣ አጎቴ፣ የሚላቸው አለቃዋ አሞ ወግዲ «እስክመለስ ምንም አትንኪ» ብለዋት ነበር። እሷ ግን በእሳቸው ኮምፒውተር ለጓደኛዋ መልእክት ጽፋ እንደጨረሰች ሥራውን ጀምራ ልታስደንቃቸው አማራት።

አሞ ወግዲ ፉል የተሞላ ዳቦ ይዘው ተመልሰው ሳይቀመጡ ኢንጂነር ሸሪን ገባች።

«አሞ ወግዲ፣ ሽማግሌዎ ዛሬም አሸለበ እንዴ?»

ሽማግሌው ከመስታወቱ ጀርባ የቆመው፣ ቁም ሳጥን የሚያህለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የኩላሊት እጥበት ታካሚዎች ፋይል እሱ ውስጥ ነው፤ ሸሪን ፎቅ ላይ የምትመራው አዲስ ዳታቤዝም የሚያነበው ከእሱ ነው።

«ሠላሳ ሰው ወረፋ እየጠበቀ አንድም ስም አይከፈትም። ዛሬ ለዳይሬክተሩ እጽፋለሁ፤ እርስዎም ማሽኑም አብራችሁ ጡረታ ውጡ።» በሩን ዘግታው ሄደች።

አሞ ወግዲ መነጽራቸውን አደረጉ። «መስመሩ አለ። ፋይሉም አለ። ታዲያ ማን ከለከለ?» እያሉ የኮምፒውተሩን የመግቢያ መዝገብ ወደ ታች አነበቡ። ዳታቤዙ ወደ ሽማግሌው የሚገባበት ስም ተቆልፏል፤ ምክንያቱ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል፣ ከዚሁ ጠረጴዛ። ኪቦርዱን አዩት። ከመልእክቱ በኋላ በዐረብኛ ፊደል ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ በኮከብ ስለሚሸፈን ሹሩቅ በዚያው ስም ለመግባት ስትሞክር ምን እንደጻፈች አላየችም። ፊቷ ጋለ።

አሞ ወግዲ ፊደሉን ቀየሩ፣ የተቆለፈውን ስም ከፈቱ፣ ስልኩን አነሱ።

«ሸሪን፣ ተከፍቷል። የእኔ ጣት ነው የሳተው። ምን ላድርግ፣ እርጅና ነው።»

ሹሩቅ ከደስታዋ ብዛት እንባዋ መጣ። በዚህ ቤት እንዲህ የሚያዝንላት ሰው አለ ብላ አላሰበችም ነበር።

«አሞ፣ እኔ እኮ ነኝ...»

«አውቃለሁ። እኔንም በልጅነቴ አንድ ደግ ሰው ሸፍኖኛል። ይልቅ ፉሉ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።» ዳቦውን ለሁለት ገምሰው ትልቁን ሰጧትና ለሶላት ሊታጠቡ ወጡ።

ሹሩቅ ዳቦውን ሳትቀምስ በሩን አየች። ሸሪን ደብዳቤውን አሁን እየጻፈች ይሆናል። እኒህ ሰው ግን ሠላሳ ዓመት ይህን ማሽን ጠብቀው፣ ለእሷ ሲሉ በአንድ ስልክ መልካም ስማቸውን አሳልፈው ሰጡ። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ዝም ማለት አነሰባት።

ዳቦውን በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠችና ደረጃውን ወጣች። የሸሪን በር ገርበብ ብሏል።

«ኢንጂነር፣ ደብዳቤውን ሳይልኩት የጠዋቱን ስህተት ላስረዳዎት። የእኔ ነው።»