ሁለቱ ጥቁር ፍሬሞች

የልብስ ሰፊዋ አንድያ ልጅ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ድንጋዮቹ መካከል ሞቶ ተገኘ። ብስክሌቱ ለሁለት ተከፍሏል። መሪውና የፊት ጎማው አንድ ቦታ ወድቀዋል፤ የቀረው ከእነሱ ራቅ ብሎ እሾህ ላይ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ ተንበርክካ ፍሬሙ የተሰበረበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ምኑን ያያሉ?» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ርካሽ ፍሬም ነው፤ አልቻለም።»

«ርካሽ ፍሬም ይሰበራል» አለች መርማሪዋ። «ግን ራሱን ቀለም አይቀባም። ና እየው።»

የስብራቱ ግማሽ አዲስና የሚያበራ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን ደብዝዟል፤ ውስጡ ጥቁር ቀለም ገብቶበታል። በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው ከቀለሙ ሥር የደረቀ ጭቃ ወጣ። ቀጥላ የኮርቻውን ዘንግ ነቀለችና በባትሪ ወደ ቱቦው ውስጥ አየች። ከዚያ ፍሬሙ ሳይነካ እንዲወሰድ አዘዘች።

እናቲቱ ከስፌት መኪናዋ ሥር፣ ባዶ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ መካኒኩ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዓይኖቹ ደም መስለዋል።

«ነግሬሽ ነበር!» ይላል ደጋግሞ። «ጥቂት ታገሺ፣ ደህናውን እንገዛለታለን ብዬሽ ነበር!»

«ተው ወንድሜ፣ ተው» አለች። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «እህቴ፣ ይንገሩኝ። አልሸሽም፣ አልክድም። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ? ርካሹን የመረጥኩት እኔ ነኝና።»

«እንዴት መረጡት?»

«ብስክሌት የሚያውቁ ሰዎች፣ ከኋላ ንዝረት የሚያበርድ ሞላ የሌለውን ውሰጂ፤ ገንዘቡ ቢያንስ ለደህና ፍሬም ይውላል አሉኝ። ስለ ብስክሌት ምን አውቃለሁ? ስፌት ግን አውቃለሁ። ብየዳውን ሁሉ እንደ ስፌት በጥፍሬ ሄድኩበት። ጥሩ መስሎኝ ነበር።» የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «አንድ ቃል ብቻ ይንገሩኝ። ነሽ ወይም አይደለሽም።»

መርማሪዋ ያንን ቃል ገና አልያዘችውም። እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ ወጣች።

ብስክሌት ሻጩ ገና ሳትጠይቀው ማላብ ጀመረ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጉድለት አልነበረበትም! የቀሩኝ ሁለት ፍሬሞች ነበሩ። አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ልክ። ሴትዮዋ ሁለቱንም ወሰደቻቸው።»

«ሁለተኛው ለማን ነው?»

«ለልጇ ጓደኛ፣ ሰንበሌጥ ለሚሉት። እናት አባት የለውም፤ እሷው ናት ያሳደገችው። ለእሱ ያጥረዋል ብላት፣ ‹ኮርቻውን ከፍ አድርጎ ይነዳዋል፤ አንዱን ገዝቼ አንዱን ላስከፋ?› አለችኝ። እኔስ ምን ልበል?»

በመካኒኩ ጋራዥ ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ የተከፈተ የጥቁር ቀለም ጣሳ ነበር።

«ይህ የማን ነው?» አለች መርማሪዋ።

«የእኔ ነው። ታዲያ ቀለም መያዝ ወንጀል ሆነ?» ብሎ ተቆጣ። «ሁለቱንም ብስክሌት የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አልነካኋቸውም። ልጆቹ የጋራዡ ቁልፍ አላቸው፤ ሲፈልጉ ገብተው ይሠራሉ። የእህቴን ልጅ እኔ ልግደለው? ወይ ጉድ!»

ሰንበሌጥን ያገኘችው ከልቅሶው ቤት ውጪ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። እንደ ሰንበሌጥ ሣር ቀጭንና ረጅም ነው፣ ስሙ የሚገባው ነበር፤ ቀጥ ሲል ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ወደ ቁልቁለቱ ከመውጣታችሁ በፊት ብስክሌቱን ያየው ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ ያየሁት» አለ በቀስታ። «በእኛ የብስክሌት ውድድር ቡድን ማንም የራሱን አይፈትሽም። ሰው የራሱን ጉድ አያይም እንላለን። ስለዚህ የእሱ እኔ ዘንድ ያድራል፣ የእኔ እሱ ዘንድ።»

«ስንጥቅ አላየህም?»

«አላየሁም።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የተሰበረው ፍሬም ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የሰንበሌጥን ብስክሌት ደግሞ ፖሊሱ አምጥቶ አጠገቡ አቆመው። እናቲቱን ሁለት ጎረቤቶች ደግፈው አመጧት።

«ፍሬሙ የተሰነጠቀው ከመሰበሩ ብዙ ቀደም ብሎ ነው» አለች መርማሪዋ። «ስንጥቁ ውስጥ ቀለም አለ። እንግዲያው አንድ ሰው አይቶታል፤ አይቶም ሸፍኖታል።»

ሁሉም ሻጩን አዩት።

«እሱን ተዉት። ከቀለሙ ሥር ጭቃ አለ። ፍሬሙ መጀመሪያ ተነዳ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻ ተቀባ። ሱቅ ውስጥ ጭቃ አይገባም።»

«ቀለሙ የእኔ ነው ልትዪ ነው!» አለ መካኒኩ።

«ቀለሙ የእርስዎ ነው፤ ጣሳውን ግን ሦስት ሰው ያገኘዋል። ማን እንደቀባው የሚነግረን ፍሬሙ የማን እንደነበር ነው። እስቲ ወደዚህ ቱቦ ውስጥ ይመልከቱ። የኮርቻው ዘንግ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠው የት ድረስ ነው?»

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ላይ ላዩን ብቻ ነው። ከዚያ በታች አቧራ ነው... አዲስ ጭረትም አለ። ዘንጉ በቅርቡ ነው ወደ ታች የተገፋው።»

«የእህትዎ ልጅ ቁመቱስ?»

መካኒኩ ቀና አለ። «አጭር ነው። እንደ እናቱ። ዘንጉን እስከ ታች ነበር የማስገባለት።» ፊቱ ተለወጠ። «ይህ... ይህ የእሱ ፍሬም አይደለም!»

ሳይታዘዝ የቆመውን ብስክሌት ዘንግ ፈትቶ ነቀለው። የቱቦው ውስጥ እስከ ታች ድረስ በአሮጌ ግራሶ ተለስኗል፤ የአጭር ልጅ ዘንግ የኖረበት ነው። ረጅሙ ልጅ በጉልበቱ ወደቀ።

«ከትልቁ ድንጋይ ላይ ስዘል ነው የተሰነጠቀው» አለ። «ጓደኛዬ አትዝለል፣ ለዚህ አልተሠራም ብሎኝ ነበር። እማዬ ተለማምጣ የገዛችልኝን ሰበርኩት ለማለት አፈርኩ። ውድድሩ ደግሞ ደረሰ። እሱ ክብደቱ ቀላል ነው፣ አይዘልም፤ ውድድሩ እስኪያልፍ ይችለዋል፣ ከዚያ መልሼ እቀይርለታለሁ ብዬ... ሌላውን ዕቃ ሁሉ በቦታው መለስኩለት። ፍሬሙን ብቻ ነው የቀየርኩት። ፍሬሙን ብቻ...»

መካኒኩ ሊያንቀው ተወረወረ። ፖሊሱ መሐል ገባ።

እናቲቱ ግን ወደ ቆመው ብስክሌት ነበር የሄደችው። ብየዳውን አንድ በአንድ በጥፍሯ ዳሰሰችው።

«ይኸው እርስዎ የመረጡት» አለች መርማሪዋ ዝግ ብላ። «አንድ ስንጥቅ የለበትም። እርስዎ አይደሉም።»

የለመነችው ቃል ይህ ነበር። ስትሰማው ግን አልቀለላትም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምትጠላው ራሷን ብቻ ነበር። ወለሉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ወደሚያለቅሰው ልጅ ዞረች፤ ከአንድ ትሪ ያበላችው፣ ሱሪው ባጠረ ቁጥር ጫፉን ፈትታ የምታስረዝምለት ልጅ።

«እማዬ...» አለ።

«ብትነግረኝ እኮ የምቆጣህ እስከ ማታ ነበር» አለችው። «እስከ ማታ ብቻ። ከዚያ ሌላ ፍሬም እፈልግልህ ነበር።»