ዋርኒንግ ብቻ ነው

አውሎ ነፋሱ በመጣበት ምሽት፣ አሜሪካ ኒው ሆፕ ከተማ በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ አስቴር፣ እዚሁ የተወለደችው ልጃችን ሩትና የአስቴር ታናሽ ወንድም ደረጀ ነን። እኔ በመንፈስም በሟርትም አምኜ አላውቅም፣ ልጄንም "ያላየሽውን አታውሪ" እያልኩ ነው ያሳደግኳት፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ ለወሬ ብዬ አይደለም፣ እመነኝ።

ከሰዓት በኋላ ስልኮቻችን "ቶርኔዶ ዋች" ብለው ሲጮኹ፣ ዋች ማለት ጥበቃ ነው፣ አውሎ ነፋሱን ተጠንቅቃችሁ ጠብቁ ማለታቸው ነው ብዬ ሁሉንም ውሃና ባትሪ አሸክሜ አወረድኳቸው፣ ብንጠብቅ ብንጠብቅ ምንም የለም። አመሻሹ ላይ ስልኮቹ እንደገና ጮኹ፣ አሁን "ዋርኒንግ" ይላሉ።

"ተመስገን፣ ቀለለ!" አልኩ። ታክሲ ስነዳ ፖሊስ አስቁሞኝ፣ የቅጣት ቲኬት ሳይቆርጥብኝ "ዋርኒንግ ብቻ ነው" ብሎ ስንቴ ለቆኛል፣ እኔ የማውቀው ዋርኒንግ ምሕረት ነው።

"ኖ፣ ዳድ! ዋርኒንግ ኢዝ ወርስ!" አለች ሩት፣ የባሰ ነው ማለቷ ነው።

"ደግሞ እንግሊዝኛ ልታስተምሪኝ ነው?"

ደረጀ ሳቀ። "ጋሼ፣ ቲኬት ካልቆረጡብንማ መኪናዬን ከዛፉ ስር ላንሳት፣ በረዶ ሳይቀጠቅጣት።"

"የሩት አባት፣ ይቅርበት" አለች አስቴር።

"ሂድ" አልኩት።

እንደወጣ የከተማው የአደጋ ሳይረን ጮኸ፣ መብራት ጠፋ፣ ሕንፃው እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ ጩኸቱ ሁሉ እንደተዘጋ ሬዲዮ ድርግም አለ፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

"አባዬ፣ ክፈትልኝ። እግሬን ያዘኝ።"

የሩት ድምፅ ነው። ሩት ደግሞ ደረቴ ላይ ተለጥፋለች፣ ደግሞስ ለእኔ መቼ በአማርኛ መልሳ ታውቃለች?

"ዳድ፣ ዶንት ኦፕን" አለች በሹክሹክታ፣ አትክፈት ማለቷ ነው፣ እሷም የገዛ ድምፅዋን ሰምታለች። አስቴር የሰማችው ግን ሌላ ነው፣ "ወንድሜ ነው፣ ክፈትለት!" እያለች ትጮኻለች። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር፣ መክፈትም መተውም አቃተኝ፣ ድምፁ ቀጥኖ ቀጥኖ እስኪጠፋ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ።

ነፋሱ አልፎ ስንወጣ ደረጀን ያገኘነው ከሕንፃው ማዶ ነው፣ ዛፉ መኪናው ላይ ወድቆ እግሩን ተጭኖታል፣ ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም፣ ሊልም አይችልም። ሆስፒታል ነቅቶ መጀመሪያ ያለኝ "ጋሼ፣ በሩን ሳንኳኳ ለምን አልከፈቱልኝም?" ነው።

ወላጅ የሆንክ ሁሉ፣ ያልገባህን ቃል ልጅህን ለመጠየቅ አትፈር፣ ዋች ማለት ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጅ ነው፣ ዋርኒንግ ማለት መጥቷል፣ ተሸሸግ ነው። ይህን አሁን አውቀዋለሁ፣ በልጄ ድምፅ የጠራኝ ማን እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም፣ ቤታችን ውስጥም ደፍሮ የሚያነሳው የለም። ያ ምሽት ሁላችንን ያስከፈለን ሲደመር የደረጀ አንድ እግርና የአራት ሰው እንቅልፍ ነው።