ሲቃ የሌለው ካሴት

ቀለመወርቅ የወደቀው በፊቱ ነው። ግራ እጁ ከደረቱ ሥር ገብቷል፤ ቀኙ የማይክሮፎኑን ገመድ እንደጨበጠ ቀርቷል። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ የተሰበረውን ያየ ሰው፣ አጠገቡ የተጋደመው የማይክሮፎን መቆሚያ የብረት እግር ምን እንደሠራ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም።

መቶ አለቃ መኳንንት ከአስከሬኑ ይልቅ ግድግዳውን አተኩሮ ያይ ነበር። ክፍሏ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ካለው የቀለመወርቅ ካሴት ቤት ጀርባ ያለች መስኮት የለሽ ጓዳ ናት። ግድግዳዋም ኮርኒሷም አሮጌ ፍራሽ ተመትቶበታል። በሩ ከተዘጋ ውስጥ ያለው ሰው ቢጮህ ውጪ ያለው አይሰማም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ቴፕ አለ። በውስጡ ያለው ካሴት እስከ መጨረሻው ሄዶ ቆሟል።

«ግድግዳ ምን ይነግርሃል ጓድ መቶ አለቃ?» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሀብተማርያም፣ በሩን ሞልቶ ቆሞ። «ልጅቷ እጇ በደም እንደተነከረ ነው የተያዘችው። ሦስቱንም የባንዱን አባላት ከነካሴታቸው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ለደህንነት አስረክባለሁ። የነሱ ዘፈን ድሮም አልጣመኝም።»

«እስከ ስድስት ሰዓት ግን የኔ ናቸው።»

«እስከ ስድስት ሰዓት» አለ ሊቀመንበሩ ሰዓቱን እያየ።

መኳንንት አሥራ ሁለት ዓመት ፖሊስ ሆኖ ያወቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ በደህንነት በር የገባ ሰው የመዝገብ ቁጥር እንደማይሰጠው ነው። ቴፑን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ከፈተው። ሟቹ ወፍራምና የማይቸኩል ድምፅ ነበረው።

«ውድ አድማጮች፣ ይህን ካሴት የሰጣችሁ ወዳጅ ነው እንጂ ከሱቅ አልገዛችሁትም። እንግዲያው ራዲዮኑን ዝጉና ስሙኝ። ዳፍንት የተባለው ባንድ በሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ከአንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ተገንጥሎ ወጣ። ገሜዳ ከምሥራቅ ጀርመን መጥቶ የተጣለ፣ ከበሮውንም ራሱ የሚመታ ኦርጋን ጠግኖ አስነሳ። ዱሬቲ በቤዝ ጊታሯ ኮቴ የሚመስል ድምፅ አወጣች፤ የሚከተላችሁ ሰው ኮቴ። ወንድይፍራው እንቅልፍ እንደከዳው ሰው በቀስታ ዘፈነ። አዳራሽ የገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሕዝቡ ማጨብጨብ ትቶ አቀረቀረ። በማግስቱ መድረክ ተከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ካሴት አውጥተዋል፤ ሁሉም ከዚህች ጓዳ፣ ሁሉም ከእጅ ወደ እጅ። ግጥሞቹ በሙሉ የወንድይፍራው ናቸው…»

ዘፈን ሳያስገባ፣ የእያንዳንዱን ዘፈን ታሪክ እያወራ አርባ ደቂቃ ተናገረ። በአራተኛው ካሴት ፊት የሚገባ መግቢያ ነበር። መኳንንት ሙሉውን ቆሞ አዳመጠ።

ወንድይፍራው የኪነት ቡድኑን ካኪ እንደለበሰ ቀረበ። ቁመናው ያማረ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተለየሁት። ‘ውድ አድማጮች’ ብሎ ሲጀምር ነው በሩን የዘጋሁበት። በቀጥታ ቀበሌው አዳራሽ ሄድኩ። ባንዱ መድረክ ከተከለከለ ወዲህ ወደ ኪነት ቡድኑ ተመልሻለሁ፤ ለፌስቲቫሉ ልምምድ ነበረን።»

«የምን ፌስቲቫል?»

«የወጣቶች፤ ውጭ አገር። ድምፃዊና ገጣሚ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ፓስፖርቴ እየተሠራ ነው።» ትንሽ ቀና አለ። «እስከ አሥር ሰዓት ተኩል እዚያው ነበርኩ። አርባ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ቀለመወርቅ ሲጀምር ሰማኸው?»

«በዚህ ጆሮዬ!»

«አርባ ሰው፣ አርባ ደቂቃ» አለ መኳንንት እየጻፈ። «ሁሉም ነገር ሞልቶልሃል።»

ስሌቱ ለዱሬቲ ክፉ ነበር። ሰውየው ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ሲናገር ከነበረ፣ በሕይወት ነበር ማለት ነው። እሷ ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ላይ ገባች።

ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። እጇን ታጥባለች፤ የቀሚሷ ጫፍ ግን ደርቆ ጠቁሯል።

«ቀና ላደርገው ነው የነካሁት» አለች ሳይጠይቃት። «ፊቱ መሬት ላይ ነበር። እንደዚያ ሆኖ እንዴት ልተወው?»

«ጠላት ነበረው?»

«ቀለመወርቅ? ካሴት ለተበላሸበት ሰው ሁሉ በነፃ የሚገለብጥ ሰው!» መኳንንት አልቸኮለም፤ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ጠበቃት። ብዕሩን ስታየው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይህን ከነገርኩዎት ይጽፉታል?»

«ሳልሰማው አልምልም። ግን ብዕሩን አላነሳሁም።»

«ግጥሞቹ የወንድይፍራው አይደሉም። የወንድሜ ናቸው፤ የባጫ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ከቤት ወሰዱት። አልተመለሰም። ደብተሩ ቀረ። ስሙ ስለማይጠራ ‘የኔ ነው በል’ ያልነው እኛው ነን። ሲል ሲል እሱም አመነው።»

«ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ?»

«እናቴ አስኮ ተኝታለች። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጧል። የልጇን ስም አንድ ቀን ሰው ሲጠራው ትስማ ብዬ ትናንት ዓርብ ቀለመወርቅን ለመንኩት። ‘ባጫ’ ብቻ፤ የአባት ስም ሳይጨምር። ‘ነገ መግቢያውን ስቀዳ እጠራዋለሁ’ አለኝ። ‘ግን ለወንድይፍራው አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ከጀርባው አላደርገውም’ አለ።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ጓድ ሀብተማርያም ይህን ከሰማ እኔም ወደ ባጫ ነኝ። እናቴም ሁለታችንንም ሳታይ ትሞታለች።»

መኳንንት ብዕሩን ኪሱ ከተተው። ዓርብ ዕለት ባጫን እጠራለሁ ያለ ሰው፣ ቅዳሜ ቀዳው በተባለው ካሴት ላይ ወንድይፍራውን ነው የጠራው። ፈርቶ ሐሳቡን ለውጦ ይሆን? ወይስ ካሴቱ የቅዳሜ አይደለም?

ሦስተኛው ገሜዳ ነበር። ጦር ኃይሎች አካባቢ ራዲዮ ይጠግናል። ቀኑን ሙሉ ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ስለነበር እሱን የሚጠረጥር አልነበረም፤ እሱ ግን ራሱን ጭምር ይጠረጥር ነበር።

«ኦርጋኗን ባላስነሳት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር ጌታዬ።»

«እሱን ተወውና ይህን ስማልኝ» አለ መኳንንት። የባንዱን አሮጌ ካሴት ከፈተለት። ወንድይፍራው እየዘፈነ ድንገት ድምፁ እንደ ወፍ ጫጩት ቀጠነና ከሁለት ትንፋሽ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ሦስቱም ካሴቶች ላይ ደጋግሞ ይመጣል። ምንድን ነው?»

ገሜዳ ሳያስበው ሳቀ። «ሲቃ! አድማጮቻችን ሲቃ ይሉታል። አንዱ መንፈስ ነው ብሎ ሊደበድበኝ ነበር። አንዲት ልጅማ ሲቃው በመጣ ቁጥር አለቅሳለሁ ብላ ደብዳቤ ጽፋልናለች። የእትዬ ጽጌማርያም ወፍጮ ነው እኮ!»

«ወፍጮ?»

«ከጓዳዋ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ መስመሩም አንድ ነው። የወፍጮው ሞተር ሲነሳ መብራቱን ሁሉ ይስበዋል። ቴፑ ባትሪ አይቀበልም፤ ያን ጊዜ እየተጎተተ ይቀዳል። ኋላ በደህና መብራት ስታጫውተው ያ የተጎተተው ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። ቀለመወርቅ ሊያጠፋው ፈልጎ ነበር፤ አድማጩ እምቢ አለ። ‘ሲቃ የሌለው ዳፍንት የውሸት ነው’ አሉን።»

መኳንንት የሟቹን መግቢያ ከገሜዳ ጋር ሆኖ እንደገና ከዳር እስከ ዳር ሰማው። ሲጨርሱ ገሜዳ መሳቁን ትቶ ነበር።

እሁድ ጠዋት እትዬ ጽጌማርያም ከቅዳሴ ሲመለሱ መቶ አለቃውን ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ አገኙት።

«ትናንት ስንት ሰዓት ነው የፈጩት እትዬ?»

«ከሰባት እስከ አሥራ አንድ። በዓል አልፎ እህሉ ተከምሮ! ሰልፉ ያን የካሴት ቤት በር ሁሉ ዘግቶት ነበር።»

«ሳያርፉ?»

«ሞተሩ ያረጀ ነው ልጄ፣ እንደኔው። ሃያ ደቂቃ ይፈጫል፣ አሥር ደቂቃ ያርፋል። አለዚያ ይነዳል።»

«በዚያ በር ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ሰልፈኛው ሁሉ አይቷል። ወንድይፍራው ከስምንት ሰዓት በፊት ገብቶ ተኩል ላይ ወጣ፤ ሰላምታም አልሰጠኝ። ከዚያ ያቺ ልጅ መጣች፣ ወዲያው ጮኸች። ሌላ ማንም።»

«ሐሙስ ዕለትስ ፈጭተዋል?»

ሴትዮዋ አማተቡ። «በቃና ዘገሊላ? የሚካኤል ታቦት እየገባ እኔ ወፍጮ ላስጮህ? ምን በደልኩህ?»

«እንግዲያው ዛሬ አንድ ነገር ልበድልዎት ነው» አለ መኳንንት።

አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ጓዳዋ ውስጥ ተሰበሰቡ። ገሜዳ ከቴፑ አጠገብ ቆመ፤ ዱሬቲ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሀል፤ ወንድይፍራው ከበሩ አጠገብ። ጓድ ሀብተማርያም ያለችውን አንድ ወንበር ይዟል።

መኳንንት ማይክሮፎኑን አንስቶ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥር ጀመር። አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው አጓራና አምፖሉ ፈዘዘ። እስከ ሠላሳ ቆጥሮ አቆመ። ወፍጮው ዝም ሲል ገሜዳ ካሴቱን አጫወተው። የመቶ አለቃው ድምፅ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት የጫጩት ድምፅ ሆነ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «ይሄ የምን ጨዋታ ነው?»

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ይህ ወፍጮ ሃያ ደቂቃ እየፈጨ አሥር ደቂቃ ያርፍ ነበር። ስለዚህ አርባ ደቂቃ የቀዳ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ መሆን ነበረበት። የቀለመወርቅ መግቢያ ግን አንድም ቦታ አይቀጥንም። ያን ካሴት የቀዳው ወፍጮው ዝም ባለበት ቀን ነው። በዚህ ሳምንት ደግሞ ወፍጮው ያረፈው ለጥምቀትና ለቃና ዘገሊላ ነው።»

«በጥምቀት ሁላችንም ጃንሜዳ ነበርን፤ እሱም አብሮን» አለ ገሜዳ። «ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ ከሆነ፣ ቅዳሜ ከስምንት ተኩል በኋላ ቀለመወርቅ በሕይወት እንደነበር የሚነግረን ምን ቀረ? የአንድ ሰው ቃል ብቻ።» መኳንንት ወደ በሩ ዞረ። «ወንድይፍራው፣ ‘በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት’ አልከኝ። ያልተነገረ ነገር አይሰማም። ቴፑ ውስጥ የነበረውን አውጥተህ አስቀድሞ የቀዳውን የሐሙሱን አስገባህና እስከ መጨረሻው አሳለፍከው። ከአንተ በፊትም ከአንተ በኋላም፣ እስከ ዱሬቲ ድረስ፣ በሰልፈኛው ፊት ያለፈ የለም። እሷ ስትገባ የሞተ ሰው ነው ያገኘችው።»

ወንድይፍራው ከፍራሹ ግድግዳ ጋር ተጣበቀ።

«ምክንያቱስ?» አለ ሊቀመንበሩ። ተነስቷል። «ሰው ያለ ምክንያት ሰው አይገድልም። በዚህ መግቢያ ላይ ምን ሊባል ነበር?»

ዱሬቲ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምክንያቱን ራሱ ይናገር» አለ መኳንንት፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ። «ብቻ አንድ ነገር እወቅ ወንድይፍራው። በግል ጠብ ሰው የገደለ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ቀጠሮ አለው፣ ጠያቂ አለው። ሌላ ነገር የጨመረበት ሰው መዝገብ ግን ከኔ እጅ ይወጣል።»

ወንድይፍራው መጀመሪያ መቶ አለቃውን፣ ቀጥሎ ዱሬቲን አየ። ረጅም ጊዜ አያት።

«ግጥሞቹ የኔ ናቸው» አለ በመጨረሻ። «የኔ አይደሉም ሊል ነበር። ለመንኩት፣ ተንበረከክሁ። ‘ሁላችንም እንጠፋለን’ አልኩት። ፊቱን አዞረና ማይክሮፎኑን አነሳ።»

«የማን ናቸው ሊል?» አለ ሊቀመንበሩ ቀረብ ብሎ።



«የራሱ» አለ ወንድይፍራው። «‘እኔ ቀለመወርቅ ነኝ የጻፍኳቸው’ ሊል ነበር። ሌባ ነበር።»

ሊቀመንበሩ አላመነም፤ ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ ስድስት ዓመት አብረሻቸው ነበርሽ። ሟቹ ሌባ ነበር? ግጥሞቹ የማን ናቸው?»

መኳንንት ብዕሩን ይዞ ደብተሩን ከፍቶ ጠበቃት፤ ሊረዳት የሚችልበት ቃል አልነበረውም።

«የወንድይፍራው ናቸው» አለች ዱሬቲ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ቀለመወርቅስ?»

የደረቀውን የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች። «ሊወስድበት ነበር።»

ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየና የወንድይፍራውን ክንድ ያዘ። «ውሰደው እንግዲህ ጓድ መቶ አለቃ። የዘፋኝ ጠብ ከሆነ የኔ ሥራ አይደለም።»

መኳንንት ቃሏን እንዳለችው ጻፈ። ሁለት ሐሰት እንዳለበት እያወቀ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ ሳይሰርዝ ጻፈው። ከዚያ ደብተሩን አዞረላት። ዱሬቲ ብዕሩን ተቀብላ ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች፤ ዱሬቲ ቦሩ። የባጫም አባት እሱ ነው። መኳንንት ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀና መዝገቡን ዘጋ።