የማትረገጠዋ ደረጃ

አሮጊቷ ከደረጃው ግርጌ ወድቀው፣ ሞተው የተገኙት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሦስተኛዋ የደረጃ ሳንቃ ለሁለት ተሰብራለች። ያየ ሁሉ «ተሰብራባቸው ነው» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ሐኪሙ ግን ክንዳቸው ላይ የሰው ጣቶች ጨምድደው የያዙበት ሰንበር አገኘ።

ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» የሚሉት መርማሪ ሲደርስ፣ ምድር ቤት ተከራይታ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ጓዟን በፌስታል ቋጥራ ተቀምጣለች።

«ልብስ ላደርስ ወጥቼ ስመለስ ነው ያገኘኋቸው» አለችው። «አብሬያቸው የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ፤ መያዜ አይቀርም።»

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እኔ፣ መምህሩና የወንድማቸው ልጅ። እዚህ ተከራይቶ የወጣ ሁሉ ቁልፉን ይዞ ነው የሚሄደው። እማማ ምናልባት አንድ ቀን ብቅ ይላሉ እያሉ አይቀበሉም ነበር። ዛሬ ከነዚያ በሕይወት ያሉት መምህሩ ብቻ ናቸው።»

አይቸኩሌ ተንበርክኮ ደረጃውን አየ። የሌሎቹ ሳንቃዎች መሃል ተበልቶ እንጨቱ ወጥቷል። የተሰበረችው ግን ቀለሟ አልተነካም፤ ስብራቷ ላይ አራት ቀለም ተደራርቦ ይታያል። አዲስ ተከራይ ሲገባ ደረጃውን መቀባት የቤቱ ደንብ ነበር፤ አረንጓዴው የባቡር ሠራተኛው፣ ግራጫው የአዋላጇ፣ ቡናማው የመምህሩ፣ ሰማያዊው የልብስ ሰፊዋ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ገብቶ ሲወጣ አሮጊቷ ሸኚ ሆነው ቀሩ። አይቸኩሌንም ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የለም።

ሦስቱንም ለየብቻ፣ መጀመሪያ ቀን ደረጃውን ሲወጡ አሮጊቷ ምን እንዳሏቸው ጠየቃቸው።

«‹ሦስተኛዋን ዝለያት፣ በስብሳለች› ነዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«‹ዝለላት› ነው ያሉኝ» አሉ መምህሩ። «እግሬ እስከ ዛሬ በሰው ቤትም ይዘላል።»

የወንድም ልጅ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ በየእሁዱ ነው የምመጣው። ‹እንኳን ደህና መጣህ› ነው የምትለኝ፤ ሌላ ምን ትለኛለች?»

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ሰበሰባቸው።

«ይቺ ሳንቃ ለዓመታት አልተረገጠችም» አለ። «አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነውም ይዘሏታል። ስለዚህ የሰበራት ሌላ ሰው ነው፣ አደጋ ለማስመሰል። መምህሩ ወይም ልብስ ሰፊዋ ቢሆኑ ሌላዋን ይሰብሩ ነበር። ይቺን የሰበረው እንደምትዘለል የማያውቅ፣ ይህን ደረጃ አንድም እሁድ ከእሳቸው ጋር ያልወጣ ሰው ነው።» ወደ ወንድም ልጅ ዞረ። «እስቲ ጫማህን አውልቅ።»

ከጫማው ተረከዝ ሥር አራት ቀለም ያለው ስንጣሪ ተሰክቶ ተገኘ።

«ቤቱን ሽጪው ብዬ ለመንኳት» አለ የወንድም ልጅ፣ መሬት መሬት እያየ። «‹ሰዎቹ ቢመጡ ማን ይቀበላቸዋል?› አለችኝ። ገፈተርኳት፤ ራሷ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨ።» ቀና ብሎም፣ «ስለ ሳንቃዋ ግን ለምን አልነገረችኝም?» አለ።

መርማሪው ልብስ ሰፊዋን «ጓዝሽን ፍቺው» አላት። እሷ ግን ዓይኗን ከወንድም ልጅ ላይ አላነሳችም።

«ለመጣ ሁሉ ይናገሩ ነበር» አለችው። «እሁድ እሁድ መስኮት ላይ ቆመው አንተን ነበር የሚጠብቁት።»