ባለገመዱ ታኮ

አቶ ቀለመወርቅ በራሳቸው መኪና ተገጭተው በራሳቸው የግቢ በር ሥር ተጋድመዋል። ጎረቤት ነጠላ አልብሷቸዋል። ከነጠላው ጫፍ አንድ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ወጥቶ ይታያል። ከእሳቸው ሦስት እርምጃ ከፍ ብሎ ገዳዩ ቆሟል፤ ሰማያዊና ነጭ፣ ጅራቱ ክንፍ የመሰለ፣ ኒኬሉ ፊት የሚያሳይ፣ በፈረንጆች 1957 የተሠራ ሸቭሮሌት።

እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ኢንስፔክተር ጃለታ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው። አንድ ቦታ መቆም አይሆንለትም። በአሥራ አንድ ዓመቱ ለትምህርት ኩባ ተልኮ አሥራ አምስት ዓመት ቆየ፤ ከተመለሰ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በቀራንዮ መንገድ ሲሄድ የሆነ ነገር ረስቶ ከቤት እንደወጣ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ኩባው» ይሉታል። እንዲህ ያለውን መኪና ግን ያውቀዋል። ሐቫና ውስጥ ታክሲ ነው፤ በወጣትነቱ በባሕሩ ዳር መስኮት ከፍቶ ተንሸራሽሮበታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ የትራፊኩ ሳጅን በየነ። «ሟች ሞተር አስነስተው፣ ማርሹን ዜሮ አድርገው፣ በር ሊከፍቱ ወረዱ። የእጅ ፍሬኑ ለቀቀና መኪናው ቁልቁል መጣባቸው። ፍሬኑን ትናንት የሠራው ይኸ ነው።»

መካኒኩ ጉተማ እጁን በካቴና ታስሮ ከቧንቧው አጠገብ ተቀምጧል።

«ትናንት እዚሁ ቁልቁለት ላይ ያለ ታኮ አቁመነው ከጋሼ ጋር ሻይ ጠጥተናል» አለ። «ንቅንቅ አላለም። ኢንስፔክተር፣ ሚስቴ ሌሊሴ ዘጠኝ ወሯ ነው። ዛሬ ካስገባችሁኝ መቼ እንደምወጣ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ» አለ በየነ። «ከዚያ በቸልተኝነት ሰው መግደል ብዬ መዝገቡን እከፍታለሁ።»

ጃለታ በሾፌሩ መስኮት አጎነበሰ። የፊት ወንበሩ እንደ ሶፋ አንድ ወጥ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር በስተግራ ያለው የእጅ ፍሬን እጀታ ወደ ውስጥ ተገፍቷል። ወለሉ ላይ የወይራ ታኮ አለ። ከታኮው ጋር የታሰረው ገመድ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ እኩል እኩል ተጠቅልሎ፣ ወገቡ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ በቀለበቱ ውስጥ አልፏል።

«መኪናውን ከሟቹ ላይ ስታነሱ ውስጥ የገባ አለ?»

«ማንም» አለ ሚሊዮን፣ የሟቹ የእህት ልጅ። ከኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት ይኖራል። «ሞተሩን በመስኮት እጄን አስገብቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ አምስት ሆነን ከፊት ገፋነው። እንደ ጋሪ ነው የሄደልን፤ ተመልሶ እንዳይወርድ የኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግንበት።»

«ይኼ ገመድ ምንድን ነው?»

«የአጎቴ ፈጠራ። ያለሱ በር ሊከፍት ወርዶ አያውቅም። ሾፌር ሁሉ ድንጋይ ታኮ ያደርግና አስፋልት ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ አጎቴ ይኼን አይወድም ነበር። ሌላውን የገመድ ጫፍ በመስኮት ያስገባዋል። በሩን ከፍቶ ይመለሳል፣ ይገባል፣ ፍሬን ረግጦ ታኮውን ስቦ ያስገባል። ሰፈሩ ‹ዓሣ አጥማጁ› ነው የሚለው።»

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

ሚሊዮን ጭንቅላቱን አከከ። «ለሰርግ ልሥራበት አልኩት። ‹አበባ ለጥፈህ የመቃብር ሐውልት ልታስመስልብኝ ነው?› አለኝ። ደህና አድርጎ ሰደበኝ። ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት የቀሰቀሰኝ የበሩ ድምፅ ነው።»

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አጸደ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም።

«ድምፁን ሲሰሙ የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«ጓሮ። ልብስ ሳጥብ።»

ጃለታ ወደ እግራቸው አየ። ነጭ የክት ጫማ አድርገዋል፤ አንድ ጠብታ ውኃ አልነካውም።

«ከጋሼ ጋር ሽርሽር ይወጡ ነበር?»

«ድሮ። ከጥምቀት ወዲህ መኪናዋን ነክቻትም አላውቅ።»

የሟቹ ስልክ የመጨረሻ ጥሪ ከሦስት ሰዓት በኋላ የተደወለ ነው፤ ሳንሱሲ ለምትኖር ዋጋነሽ ለምትባል ሴት። ጃለታ ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ ደወለላት። ባሏ የሞተባት መሆኗን፣ አቶ ቀለመወርቅ ከጥምቀት ጀምሮ እሁድ እሁድ እየመጡ እንደሚያንሸራሽሯት ሳትደብቅ ነገረችው።

«ዛሬስ ብቻቸውን ነበር የሚመጡት?»

«አይደለም። ‹ዛሬ አጸደም አብራን ናት› ብሎኝ ነበር። ምነው፣ ደህና አይደለም እንዴ?»

ጃለታ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ከበሩ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በሩ ተመላለሰ። ጫማና የስልክ ወሬ ሰው አያስከስስም። ገመድም ገመድ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚህን አገር ሰው ፊት አነበብኩ ሲል ተሳስቶ ያውቃል፤ ፊት አያምንም። እጅ ግን ሌላ ነው። ሰዓቱን አየ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ።

አምቡላንሱ አስከሬኑን ከወሰደ በኋላ ሁሉንም መኪናው አጠገብ ሰበሰበ። ወይራውንና ገመዱን እንዳሉ በፌስታል አድርጎ ለበየነ ሰጠው። ከጎረቤት ባስመጣው ሌላ ገመድ ድንጋይ አሰረና ከፊተኛው ጎማ ሥር ወረወረው።

«ተራ በተራ በመስኮቱ በኩል ቆማችሁ ትስቡልኛላችሁ።»

«ፊልም ነው እንዴ የምንሠራው?» አለ በየነ። ቢሆንም የጉተማን ካቴና ፈታ።

ጉተማ ድንጋዩን በሁለት እጁ ስቦ ከነገመዱ መኪናው ውስጥ ጣለው። ሚሊዮን ገመዱን እንደ ጨርቅ ኳስ አድበልብሎ ወንበሩ ላይ ወረወረው። ወይዘሮ አጸደ ቀረብ አሉ።

«እትዬ፣ ድሮ የት የት ነበር የምትሄዱት?» አለ ጃለታ፣ ለወሬ ያህል።

«ወደ ሳንሱሲ፣ ከዚያ ወደ አስኮ።» መሳብ ጀመሩ። «ቀስ ብሎ ነው የሚነዳ። አልጋ ናት፤ ጉድጓዱ አይሰማም። አራቱም መስኮት ክፍት ነው። የታክሲ ልጆች ጥሩምባ ይነፉልናል፤ ‹እማማ፣ አንድ ዙር!› ይሉኛል። እኔም እጄን አነሳላቸዋለሁ። ቤት ውስጥ ጨው አቀብዪኝ ከማለት በቀር የማይናገር ሰው፣ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ያፏጫል፣ ያወራኛል፣ በልጅነቱ የሠራውን ሁሉ ይነግረኛል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን ለቀቅ ያደርገውና ነፋሱ ነጠላዬን…»

ሁሉም የሚያየው እጃቸውን ነው። ድንጋዩ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ገመዱ በአውራ ጣታቸውና በክርናቸው መካከል እኩል እኩል ተጠቅልሎ፣ ወገቡ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ቀለበቱ ውስጥ ሊገባ ጣታቸው ላይ ነው።

ጃለታ ከበየነ ፌስታሉን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ገመድ ከኮፈኑ ላይ አኖረው።

«ሳጅን፣ ፍሬኑ ለቆ ቢሆን ኖሮ እጀታው እንደተሳበ ይገኝ ነበር። የዚህ መኪና እጀታ አዙረው ካልገፉት አይገባም። ተገፍቶ ነው ያገኘሁት።»

«ሚሊዮን ሞተር ሲያጠፋ ገፍቶት ቢሆንስ?»

«ይሁን እንበል። ታኮው ግን አለ። መኪናው ታኮውን ዘሎ ቢወርድ፣ ታኮው እላይ መሬት ላይ ይቀር ነበር፤ መኪናው ውስጥ አይገባም። ሟቹ በር ላይ ሆነው ሊስቡት አይችሉም። ስለዚህ ሌላ ሰው በዚህ መስኮት እጁን ሰዶ ፍሬኑን ፈታ፣ ታኮውን ሳበ። ያ ሰው ደግሞ ገመዱን ጠቅልሎ አስቀመጠ። ሰው ገድሎ የተደናገጠ ገመድ አይጠቀልልም፣ እጁ ከለመደ ሳያውቀው ካልጠቀለለው በቀር። ሾፌሩ መሪ ይዞ አይጠቀልልም። የሚጠቀልል ከጎኑ የተቀመጠ ነው።»

ወደ ወይዘሮ አጸደ ዞረ። «ከጥምቀት ወዲህ መኪናዋን አልነካሁም አሉኝ፤ ገመዱ ግን ዛሬም በእርስዎ እጅ አጠቃለል ተጠቅልሏል። ልብስ ሳጥብ ነበር አሉኝ፤ የክት ጫማ አድርገዋል። ዋጋነሽም ዛሬ አብረው እንደሚመጡ ተነግሯታል። ለመሄድ ተዘጋጅተው ነበር። ምን ተፈጠረ?»

ወይዘሮ አጸደ ገመዱን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ጠዋት ‹ዛሬ አንቺም ነይ› ሲለኝ፣ ነገሩን ሊተወው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ታጠብኩ፣ ለበስኩ። የፊቱን በር ስከፍት ‹አንቺ ከኋላ ሁኚ፣ ዋጋነሽን ወገቧን ያማታል› አለኝ። እንዲሁ፣ እንደ ቀላል ነገር። ሊከፍት ወረደ።» ወደ በሩ አዩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ከፊት ተቀምጫለሁ። እሷን ከፊት አስቀምጦ እኔን ከኋላ ጭኖ በቀራንዮ ሊያሳልፈኝ። በሾፌሩ በኩል ዞሬ እጄን በመስኮት ሰደድኩ። ሲወርድ አየሁ፤ ዞር በል አላልኩትም። ገመዱን መጠቅለሌን ግን አሁን ነው የማውቀው።»

«ጉተማ ሲታሰርስ?»

«ፍሬኑ ነው አሉ፤ ዝም አልኩ።» ጉተማን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም።

ሚሊዮን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ወደ ሰርቪሱ ሄደ። በየነ ካቴናውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጉተማ የእጁን አንጓ እያሸ ስልክ ደወለ። «ሌሊሴ፣ ለቀውኛል። አታልቅሺ፤ መጣሁ» አለ።

መኪናው ኤግዚቢት ስለሆነ ጣቢያ መድረስ ነበረበት፤ መሪው ሥር ያለውን ማርሽ አሳምሮ የሚያውቀው ደግሞ ጉተማ ብቻ ነው። ሳያቅማማ ገባ። በየነ ለወይዘሮ አጸደ የኋላውን በር ከፈተ። እሳቸው አልገቡም።

«ኢንስፔክተር፣ ከፊት ልሁን?»

«አይቻልም» አለ በየነ።

ጃለታ ደንቡን ያውቃል። የሞቱትን ሰው ጫማም አይቷል። ትክክል ይሁን ስህተት እስከ ማታ ሲያመነዥከው እንደሚያመሽ እያወቀ የፊቱን በር ራሱ ከፈተላቸው፤ እሱና በየነ ከኋላ ገቡ።

ሸቭሮሌቱ ከግቢው ወጥቶ ዋናውን መንገድ ያዘ። ሞተሩ በዝግታ ያጉረመርማል። ገና መቶ ሜትር ሳይሄዱ የሚኒባስ ረዳቶች ተንጠልጥለው ጥሩምባ አስነፉ፤ «ሙሽሪት!» አለ አንዱ። ወይዘሮ አጸደ እጃቸውን ወደ መስኮቱ አነሱና መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ጉተማ በጎን አያቸው።

«እትዬ፣ ቀበቶ የለውም» አለ። «በሩን ያዙ፤ ልታጠፍ ነው።»

ወይዘሮ አጸደ በሩን ያዙ።