መስታወቱ ያልለቀቀው ቀለበት

«ቀለበቱን አውልቀህ ነው የመጣኸው?» አለችው፣ በሩን ሳትከፍትለት በመስኮት።

«የምን ቀለበት?» አለ ራጅ አንሺው። እጁን ገልብጦ አየው፤ ምስኪን፣ እውነትም የጠፋበት መሰለው።

እኔ ደረጃው ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ጎረቤት ነኝ፤ ጆሮዬን ቆርጬ አልጥለው።

ልጅቷ መስታወት አቅላጭ ናት። እንደተረዳሁት፣ የእሷ መስታወት ከቀለጠ በኋላ እንደገና ይጋገርና ውስጡ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ክሪስታል ያበቅላል። ራጅ ሲያርፍበት ምስሉን ይይዛል፤ ቀይ ብርሃን ሲያበሩበት ደግሞ ሰማያዊ እየፈነጠቀ የያዘውን ይናገራል። ከዚያ ደማቅ መብራት ሥር ያጠፉትና ለሌላ ሰው ያገለግላል። ሦስት ዓመት ለፍታበታለች። በማግስቱ ገምጋሚዎች ሊያዩት ይመጣሉ፤ ካላለፈ ምድጃዋ ይዘጋል።

እሱ ክሊኒክ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ መስታወቷን ይሞክርላታል። ስምንት ወር ተመላለሰ። ለአንድ መስታወት ስምንት ወር! ሰፈሩ ሁሉ ገብቶታል፤ ያልገባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ያን ቀን ጠዋት የራሱን እጅ አንስቶ የላከላትን መስታወት አንብባ በወረቀት ስታትመው፣ በልጅነቱ ኳስ የሰበረው ትንሹ ጣቱ ተጣሞ ወጣ። አጠገቡ ያለው ጣት ላይ ደግሞ ቀለበት።

ሁለቱንም ጎትቼ ቤቴ አስገባኋቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት።

«እኔ ልሙት፣ ቀለበት ኖሮኝ አያውቅም።»

«መስታወቴ አይዋሽም።»

መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። «እኔ የምለው፣ የዚህ ልጅ ጣት ስንት ነው? ከአጥንቱ ሥር ሌላ ቀጭን አጥንት ይታየኛል።»

«እትዬ፣ ይስጡኝ እስቲ!» ብላ ነጠቀችኝ። እሱም በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አየ።

«አክስቴ ናት!» አለ። «ትናንት ለሙከራ በዚሁ መስታወት እጇን አንስቻት ነበር። ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ ብሎ ከነቀለበቷ አነሳኋት። ከዚያ እኮ መብራት ሥር አሥር ደቂቃ አቆይቼ አጥፍቼዋለሁ።»

«በባልቴት አክስቱ ነው እንዴ የቀናሽው?» አልኳት።

አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መሰለ። ሰውየው ንጹህ ከሆነ ከዳተኛው መስታወቱ ነው፤ የድሮውን ምስል አልለቀቀም ማለት ነው። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ እሷም ያወቀች አልመሰለኝም።

«አሥር ደቂቃ ካልበቃው አንድ ሰዓት እንስጠው» አለ ቀስ ብሎ። «ነይ፣ አብሬሽ እጠብቃለሁ።»

ሄዱ። እኔም ያጠብኩትን ዕቃ ደግሜ አጠብኩ።

ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አዲሱን ወረቀት ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። የሱ አምስት ጣቶች ብቻ፤ ሌላ ምንም።

«አንድ ሰዓት ይፈልጋል» አለችኝ። «ለገምጋሚዎቹ አልደብቅም። ይቀበሉት አይቀበሉት እንጃ።»

እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነቱን ንገሪኝ። ቀለበቱ የኔ ሆኖ መስታወትሽ እንከን ባይኖረው ይሻልሽ ነበር? ወይስ እንዲህ?»

ዓይኑን አየችው፣ ወረቀቱን አየችው።

«ነገ ከግምገማው በኋላ ጠይቀኝ» አለችው።