አገር ከፍቶ ወንድም የዘጋው በር

በመካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች ሲወረድ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ወይዘሮ ወርቅዬ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው አቶ በኃይሉ ለሥራ ወደ ቆላ ወርደው በወባ ሲሞቱ፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድና የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ታቅፈው ቀሩ። ሌላ ባል አላገቡም፤ ለዘመድም እጃቸውን አልዘረጉም። በአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም እየሰፉ ሁለቱን ልጆች ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ወንዱ ላቀው ኤሌክትሪሺያን ሆኖ በለቡ አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ገመድ መዘርጋት ጀመረ፤ ናዝሬት የምትባል ሚስት አግብቶም እዚያው ግቢ ኖረ። ሴቷ ማናዬ ግን አንድ ቀን እናቷ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት ሲያቅታቸው አየች። «እማዬ፣ ካሁን በኋላ አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ ልሥራ» አለችና ኩዌት ገባች። ምነው እግሯን በሰበረው! ስንቷ እህት ናት እንዲህ ብላ ወጥታ የቀረችው?

ኩዌት ውስጥ የተቀጠረችው አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ለመጦር ነበር። ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለች። እንዲህ ሆና ሦስት ዓመት ሞላት። በ2012 ጥምቀት ሰሞን ላቀው ደውሎ እናታቸው ልባቸውን እንደታመሙ፣ እግራቸው እንዳበጠና ደረጃ መውጣት እንዳቃታቸው ነገራት። ማናዬ አላመነታችም። የቀጠረቻትን ማዳም ለምና አስፈቀደች፤ ለፋሲካ ለመግባት ትኬት ቆረጠች፤ ለእናቷ ወፍራም ካልሲና ቀላል ጫማ ገዝታ ሻንጣዋን አሰረች። መጋቢት ገባ። ኮሮና የሚሉት ነገር መጣና አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። የሰው እናት ስታገላብጥ የገዛ እናቷን ማን ያገላብጥላት?

ያን ጊዜ የኩዌት ሐበሻ ሁሉ መተንፈሻው ቴሌግራም ነበር። በየሰዉ ቤት የተቆለፉ ሴቶች፣ ሥራ የቆመባቸው ሾፌሮች፣ ሁሉም በአንድ ግሩፕ ተሰብስበው ይከራከራሉ።

«እንኳን ዘጉት!» ትላለች ሲሃም የምትባል የፀጉር ቤት ሠራተኛ፣ በድምፅ መልእክት እየጮኸች። «እናቶቻችን ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ናቸው። ናፍቆታችንን ይዘን ገብተን እንጨርሳቸው?»

«ተይን እስቲ!» ይላታል በንቲ የሚባል ሾፌር። «እኔ የምነዳላቸው ሰዎች ልጃቸውን ከለንደን በልዩ አውሮፕላን አስመጡ። በሽታው የሰው ፓስፖርት አይቶ ነው እንዴ የሚይዘው?»

ማናዬ ሁለቱንም ትሰማለች። ሲሃምም እውነቷን ነው፣ በንቲም እውነቱን ነው፤ እሷን ግን የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነበር። ዘወትር ከሰዓት በኋላ ከአገር ቤት ዜና ይመጣል፤ የተያዙት ሰዎች ይቆጠራሉ፤ ከዚያ «የውጭ አገር የጉዞ ታሪክ ያላቸው» ይባላል። ድሮ የወርቅዬ ልጅ ነበረች። ከወጣች በኋላ ኩዌት ያለችው ልጅ ተባለች። አሁን ደግሞ የጉዞ ታሪክ ሆነች! ስልኳን አንስታ በግሩፑ ላይ በንዴት ጻፈች፦ «እኛ ስንላክ በአበባ ነበር። ስንመለስ እንደ ቆሻሻ የምንፈራው ምን አድርገን ነው?» ሁለት መቶ ሰው የልብ ምልክት አደረገላት። ልብ ግን እናትን አያስታምም።

ወይዘሮ ወርቅዬ የራሳቸው ስልክ አልነበራቸውም። እናትና ልጅ የሚገናኙት በላቀው ስልክ ብቻ ነበር። ማናዬ ወንድሟን እንደ አባት ታየው ስለነበር፣ «ደህና ናት» ሲላት ደህና ናት ማለት ነው። ለመጠርጠር እንኳ ምክንያት አልነበራትም።

ሰኔ ላይ ደስ የሚል ነገር መጣ። ዜጎችን የሚመልስ አውሮፕላን ተፈቀደ። የታመሙ፣ የታመመ ቤተሰብ ያላቸውና እርጉዞች ይቅደሙ ተባለ፤ ማናዬም የእናቷን የሐኪም ወረቀት አያይዛ ስለነበር ስሟ ተጠራ። እልል ብላ ለላቀው ደወለች።

ላቀው ግን እልልታዋን አቋረጠ።

«ማንዬ፣ አሁን ምን አስቸኮለሽ? እማዬ እኮ ተሽሏታል።»

«በእግዚአብሔር?»

«ትናንት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስትሞቅ ነው የዋለችው። ደግሞ ብትመጪ አሥራ አራት ቀን ለይተው ያስቀምጡሻል፤ ከዚያም ቢሆን በሽታውን ይዘሽባት ብትገቢስ? ራሷ ናት ትቆይልኝ ያለችው።»

ማናዬ እግዚአብሔርን አመሰገነች። በዚያው ሳምንት ሀኒፋ የምትባል የሰባት ወር እርጉዝ፣ አሠሪዋ አባርራት መጠለያ የገባች ልጅ፣ ዘግይታ በመመዝገቧ ስሟ ሳይጠራ ቀርቶ ኤምባሲው ደጅ ስታለቅስ አገኘቻት። እናቴ ከዳነችልኝ እኔ ምን ያስቸኩለኛል ብላ ተራዋን ለቀቀችላት። ሀኒፋ እግሯ ላይ ወድቃ መረቀቻት። ማናዬ ያን ቀን የአሮጊቷን አልጋ ስታነጥፍ ዘፈነችላቸው።

ከዚያ የስልክ ንግግር ወዲህ የእናቷ ድምፅ ጠፋ። ላቀው አንድ ጊዜ «ጉሮሮዋን ታማለች»፣ ሌላ ጊዜ «ሾርባ ጠጥታ ተኛች»፣ ሌላ ጊዜ «ኔትወርክ የለም» ይላታል። ለእንቁጣጣሽ «እማዬ መርቃሻለች» ብሎ ጻፈላት። ለገና እናታቸው ነጠላ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ላከላት፤ ፎቶው ያለፈው ዓመት መሆኑን በምን ታውቃለች? የምትጦራቸው አሮጊት በጥር አረፉ፤ ማዳሟም አሰናበተቻት። በየካቲት 2013 ማናዬ ተመርምራ፣ ነፃ መሆኗን የሚያሳየውን ወረቀት ይዛ፣ እናቷን በድንገት ላስደስታት ብላ ለማንም ሳትናገር አውሮፕላን ተሳፈረች።

ረፋዱ ላይ ሻንጣዋን እየጎተተች ግቢው ገባች። ጎረቤታቸው እትዬ ዓለሚቱ ልብስ እያጠቡ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩዋት እጃቸው አረፋው ውስጥ እንዳለ ደርቀው ቀሩ።

«እትዬ፣ እማዬ ተነስታለች?»

ሴትዮዋ ብድግ አሉ። እርጥብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ወይኔ ልጄን! ወይኔ፣ ሳይነግሩሽ ነው የመጣሽው?» አሉና ደረታቸውን ደቁ።

ማናዬ ሻንጣውን ለቀቀችው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ያዟት፤ ውኃ ረጩባት። ነፍሷን ስታውቅ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ጠርታኛለች?» እትዬ ዓለሚቱ መዋሸት ፈልገው ነበር፤ አፋቸው እምቢ አላቸው። ወርቅዬ ፀሐይ የሞቁበት ቀን አልነበረም። ከግንቦት ጀምሮ ከአልጋ አልወረዱም። ሰማዩ ጭር ባለባቸው በእነዚያ ወራት አንድ አውሮፕላን ድምፁ በተሰማ ቁጥር «ይቺ ናት፣ ማናዬ መጣች፣ በሩን ክፈቱላት» ይሉ ነበር። «ራሷ ትቆይልኝ አለች» የተባለው ከወዴት መጣ? እሳቸውስ ምን ተባሉ? «አየር ማረፊያው ገና አልተከፈተም፣ እማዬ» ነበር የተባሉት። ያቺ ምስኪን እናት አገሩን እየረገሙ ሞቱ! የረገሙት አገር ግን ለልጃቸው በሩን ከከፈተ ወር አልፎት ነበር።

ላቀው ተደውሎለት ከለቡ እየሮጠ መጣ። የሥራ ቦርሳው ከትከሻው አልወረደም። ማናዬ በእናቷ ባዶ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«መቼ?» አለችው።

«ሐምሌ አሥራ ሁለት። ማንዬ፣ ስሚኝ…»

«ለእንቁጣጣሽ እማዬ መርቃሻለች ያልከኝ፣ ማን መርቆኝ ነው?»

«በሰው አገር ብቻሽን መርዶ ሰምተሽ ምን ትሆኚብኛለሽ? አንድ ነገር ብታደርጊስ? መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?»

«ሞቷን መደበቅህን እንኳ ይቅር እልህ ነበር። ሰው ሁሉ ያደርገዋል። እኔ የምጠይቅህ በሕይወት ሳለች ነው! በሰኔ! እየጠራችኝ ለምን ተሽሏታል አልከኝ?»

ላቀው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ፈራሁ» አለ። «በየቀኑ ዜናው ከውጭ የገቡ፣ ከውጭ የገቡ ይላል። የግቢው ሰው ተሰብስቦ እህትህ ከመጣች ሽንት ቤት አንጋራችሁም፣ ውኃ አትቀዱም አለኝ። ናዝሬት አራስ ነበረች። ለእማዬ በሽታውን ይዘሽባት ትመጫለሽ፣ ሁላችንም እናልቃለን ብዬ ፈራሁ። ትድናለች ብዬ ነበር… እውነቴን ነው፣ ትድናለች ብዬ ነበር።»

በሩ ላይ የተኮለኮሉት ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ዓለሚቱም ደፉ። የዚያን ቀን ስብሰባ ላይ እሳቸውም ነበሩና!

ማናዬ ተነስታ ቆመች። «አገር በሩን ከፍቶልኝ ነበር፣ ላቀው! ስሜ ተጠርቶ ነበር! እኔ የሰው እናት ስጦር አንተ የእናቴን ጥሪ አፈንክብኝ። ሀኒፋ በእኔ ወንበር ገብታ እናቷ ቤት ወለደች፤ እሰየው፣ ይደግላት። እኔን ግን አንተ ነህ የዘጋህብኝ። አንተ!» ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ናዝሬት ልጇን ታቅፋ «እህቴ፣ እባክሽ» እያለች እስከ አስፋልቱ ተከተለቻት፤ ዞራ አላየቻትም።

ማናዬ ለቡ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠረች። ላቀው ሽማግሌ ላከ፤ መለሰቻቸው። የነፍስ አባታቸውን ቄስ ገብረ መድኅንን ይዞ መጣ። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው «ልጄ፣ ወንድምሽ ነው፤ ከሱ ሌላ ማን አለሽ?» አሏት። «አባቴ፣ ይፍቱኝ። ማንም እንዳይኖረኝ ያደረገኝ እሱ ነው» አለች። ላቀው ደጅ ቆሞ ሰማ። ከሲታ ሆኖ ነበር፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ይሰፋ ነበር። ማናዬ ይህን አይታለች፤ አይታም አንጀቷን አጠናክራለች። ቁጣዋ ከእናቷ የቀራት ብቸኛ ንብረት ይመስል፣ ማንም እንዳይነጥቃት አቅፋው ትውል ነበር።

በሚያዝያ በሽታው ከተማውን እንደ አዲስ አጠቃ። ሆስፒታሉ ሞላ፤ ኦክስጅን ብርቅ ሆነ። በሰሙነ ሕማማት ማለዳ ናዝሬት እያለቀሰች ደወለች። ላቀው ተይዟል፤ መተንፈስ አቅቶት ሕክምና ማዕከል ገብቷል። ያ ሁሉ የተፈራው በሽታ ከኩዌት አልመጣም፤ እዚያው ከሚሠራበት ሕንፃ፣ ከገዛ የሥራ ባልደረባው ነበር የያዘው።

ማናዬ ስፌቱን ጥላ ሮጠች። ዘበኛው ከበሩ አላሳለፋትም፤ ጠያቂ አይገባም። ውስጥ ያለች አንዲት ነርስ አዝናላት ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችለት።

«ማንዬ… መጣሽ?» አለ። ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«በሩ ላይ ነኝ። አያስገቡኝም።»

«ይቅር… በይኝ።»

ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በሩን ክፈቱላት የሚል ድምፅ በጆሮዋ መጣባትና ደሟ ፈላ። ዋሽታ ይቅር ልትለው አልፈለገችም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ውሸት ተነግሯል!

«ገና ነኝ፣ ላቄ። አልበረደልኝም። ድነህ ውጣና ፊት ለፊት እንጣላ። እስኪወጣልኝ ልጩህብህ። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

በስልኩ ውስጥ ሳልና ሳቅ የተቀላቀለ ድምፅ ሰማች። ላቄ ብላ ከጠራችው ስንት ጊዜዋ ነው! «እሺ» አለ። «እሺ፣ እህቴ። እጠብቅሻለሁ።»

አልጠበቃትም። በማግስቱ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ታክሲ ውስጥ ሳለች ናዝሬት ደወለች፤ ከስልኩ የሰማችው ቃል ሳይሆን ጩኸት ነበር።

ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሁሉም አፉን ሸፍኖ ተራርቆ ቆሟል። ሬሳው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ሳይታይ ጉድጓድ ገባ። ሰዉ ማናዬ ታለቅሳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ጎንበስ ብላ አፈሩን በጡጫዋ መደብደብ ጀመረች። «ተነስ! ተነስና እንጣላ! እጠብቅሻለሁ አላልከኝም? እኔ ገና አልጨረስኩም! ይህን ሁሉ ቁጣ ለማን ትተህልኝ ነው የምትሄደው? ተነስ አንተ ውሸታም!» ቄስ ገብረ መድኅን ሊያነሷት ጎንበስ አሉ፤ አልቻሏትም። በመጨረሻ ናዝሬት መጥታ አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። አልለመነቻትም፣ «አይዞሽ» አላለቻትም፤ እሷም እጇን ጨብጣ አፈሩን መታችው። ሁለቱ ሴቶች እንዲያ እየመቱ፣ እየመቱ፣ እጃቸው ሲዝል ተቃቀፉ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ የበለጠ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የፈራ ወንድም አለ፣ የፈሩ ጎረቤቶች አሉ፣ ቀን በቀን ፍርሃት የሚያድል ዜና አለ። እጣ ፈንታ የምንለው ከሰማይ የወረደ ነገር ነው ወይስ እኛው በፍርሃታችን እየቀጠልን የሰፋነው? ማናዬ ዛሬ በመካኒሳ ከናዝሬት ጋር የወንድሟን ልጅ ታሳድጋለች። ሰው «ወንድምሽን ይቅር አልሽው?» ሲላት አሁንም ትቆጣለች። «አዎን፣ ብዬዋለሁ» ትላለች፣ «ግን ማን ሰማኝ?»